ከጎንደር በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ሩቅ ለመድረስ የትኛው አንቴና ይሻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራዳ ወዳለችው የጥገና ሱቄ ለአማተር ሬዲዮ (ለፍላጎት ብሎ በራስ ሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር መገናኘት ነው) ብለው ጎራ የሚሉ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ነው ይዘው የሚመጡት፤ «ጋሼ፣ ለ160 ሜትር የትኛውን አንቴና ልግዛ?» ይላሉ። የእኔም መልስ አንድ ነው፦ አይገዛም፣ ይሠራል፤ ከመሥራትም በፊት መሬቱ ይታያል። ያንኑ እየደጋገምኩ ከምደክም ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

«ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ» ከየት እስከ የት ነው?

በደንቡ ከ30 እስከ 300 ኪሎኸርዝ ያለው ነው። አማተሮች ግን «ዝቅተኛ ባንድ» ሲሉ በተለምዶ በሞገዳቸው ርዝመት የሚጠሩትን የ160፣ የ80 እና የ40 ሜትር ባንዶች ይጨምራሉ፤ እነዚህ በእኛ ቀጠና ከ1.81፣ ከ3.5 እና ከ7 ሜጋኸርዝ የሚጀምሩት ናቸው። ከእነሱ በታች ሁለት ባንዶች አሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ለአማተሮች የተከፈተው ከ135.7 እስከ 137.8 ኪሎኸርዝ ያለው የ2200 ሜትር ባንድ ነው፤ ሌላው በ2012 የተከፈተው ከ472 እስከ 479 ኪሎኸርዝ ያለው የ630 ሜትር ባንድ ነው።

የሞገዱን ርዝመት ለማወቅ 300ን በሜጋኸርዙ ያካፍሉ። 1.83 ሜጋኸርዝ ላይ 164 ሜትር ይመጣል። ሩቡ 41 ሜትር ነው፤ ሽቦ ላይ ትንሽ ስለሚያጥር ሩቡን የሚያህል ቋሚ አንቴና ልሥራ ቢሉ 39 ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። በ137 ኪሎኸርዝ ደግሞ ሩብ ሞገዱ 547 ሜትር ይሆናል። የዝቅተኛ ባንድ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፤ ሞገዱ ረጅም ነው፣ ግቢያችን ጠባብ ነው።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ለማሰራጨት አዎ፣ ያለ ፈቃድ አይሞከርም። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ማሰራጫ መሣሪያ ከውጭ ለማስገባትም ቀድሞ እዚያው መጠየቅ ይሻላል። የአገራችን የጥሪ ምልክት በ«ኢቲ» ይጀምራል፤ በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በዓለም አማተሮች ዘንድ የታወቀ ነው።

ሌላም አለ። አንቴና ከመስቀልዎ በፊት ለጎረቤትና ለቀበሌ ይንገሩ። ማታ ማታ ባህር ዛፍ ላይ ሽቦ የሚያወጣ ሰው ወሬ ያስነሳል፤ ወሬውን በኋላ ከማስተባበል ቀድሞ ቡና ጠጥቶ ማስረዳት ይቀላል። ቤትዎ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ከሆነ ወይም የፋሲል ግቢ አካባቢ ከሆነ ረጅም ምሰሶ የራሱ ደንብ አለው።

ዳይፖል ጣሪያዬ ላይ ዘርግቻለሁ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ጥርት ብለው ይሰማሉ፣ አውሮፓ ግን የለም። ለምን?

ዳይፖል ማለት መሃሉ ላይ መጋቢ ገመድ የሚገባበት አግድም ሽቦ ነው። አንቴናዎ አልተበላሸም፤ ለተሠራበት ነገር በሚገባ እየሠራ ነው። እረኛ ወንጭፉን ሽቅብ ቢወነጭፍ ድንጋዩ እዚያው አጠገቡ ይወድቃል፤ ዝቅ አድርጎ ከለቀቀው ግን ወንዝ ይሻገራል። የሬዲዮ ሞገድም እንዲሁ ነው። አግድም የተዘረጋ ሽቦ ከፍታው ከሞገዱ አንጻር ትንሽ ሲሆን ጉልበቱን ሽቅብ ይልከዋል፣ አዮኖስፌር (ከላይ ያለው ሞገድ የሚመልስ የአየር ንብርብር) ደግሞ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። በ80 ሜትር ባንድ 10 ሜትር ላይ የተሰቀለ ዳይፖል ከፍታው የሞገዱ አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባሕር ዳር 110 ገደማ፤ ለእነዚህ እንዲህ ያለውን አንቴና የሚበልጥ የለም። እባክዎ እንዳያወርዱት።

ወደ ሩቅ ግን ሞገዱ ወደ አድማስ ዝቅ ብሎ መውጣት አለበት። ዳይፖል ያን በደንብ እንዲያደርግ ግማሽ ሞገድ ያህል ከፍ ማለት ይፈልጋል፤ ለ80 ሜትር ባንድ 40 ሜትር፣ ለ160 ደግሞ 80 ሜትር። ይህን ማን ያቆማል? ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ቋሚ አንቴና፣ ማለትም ወደ ቨርቲካል፣ ይዞራል።

ግቢዬ ውስጥ ማቆም የምችለው 12 ሜትር ነው። በ12 ሜትር 160 ሜትር ባንድ ላይ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ሽቦውን ግን ጫፉ ላይ አያቁሙት። 12 ሜትር ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከዚያ ወደ 27 ሜትር አግድም የሚሄድ ሽቦ ይዘርጉ። ኢንቨርትድ ኤል የሚሉት ይህ ነው፤ እኔ ለጎንደር ግቢ ከሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው። አግድሙ ክፍል ለሩቅ ስርጭት ብዙም አያሰራጭም፤ ሥራው ቋሚው ክፍል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ጅረት (ከረንት) ከታች እስከ ላይ ሳይሟሽሽ እንዲዘልቅ ማድረግ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ልንገርዎ። 12 ሜትር ብቻውን ቆሞ ከሥሩ ኮይል (ጥምጥም ሽቦ) ቢደረግለት የማሰራጫ ተቃውሞው፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ሞገድ የሚቀይረው ድርሻ፣ 2 ኦም ገደማ ነው። አግድሙ ሲጨመር ወደ 8 ኦም ይደርሳል። አሁን መሬቱ 20 ኦም ይበላል እንበል። በመጀመሪያው ከ22 ኦም 2ቱ ብቻ ነው የሚያሰራጨው፤ 100 ዋት ቢሰጡት 9 ዋት አየር ላይ ይወጣል፣ የቀረው ትል ያሞቃል። የኮይሉን ብክነት ሳልቆጥር ነው ይህን ያልኩት። በሁለተኛው ከ28ቱ 8ቱ ያሰራጫል፤ 29 ዋት ገደማ ይወጣል። ያው ምሰሶ፣ ያው ሬዲዮ፣ 27 ሜትር ሽቦ ብቻ ተጨምሮ ከሦስት እጥፍ በላይ።

አግድሙን ቀጥ አድርጎ ለመዘርጋት ቦታ ከሌለዎት መሃል ላይ ይታጠፍ፣ ወይም በሁለት ተከፍሎ የቲ ቅርጽ ይያዝ። ወደ ታች በጣም እንዳያጋድል ብቻ ይጠንቀቁ፤ ሲወርድ ቋሚው የሠራውን መልሶ ያፈርሳል።

መሬት ውስጥ አንድ ፌሮ ቀብሬያለሁ። ለግራውንድ አይበቃም?

ለመብረቅና ለቤት መስመር ጥሩ ጅምር ነው። ለአንቴና ግን አይበቃም። ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ 20 ኦም ያልኩት በነፃ የሚገኝ ቁጥር አይደለም።

የጎንደር ከተማ መሬት በብዙ ቦታ ስስ አፈር ለብሶ ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። ማራኪ ሰፈር በሚገኝ የዘመድ ግቢ ፌሮ ልቀብር ብዬ ስመታ፣ ከክንድ እምብዛም ሳይዘልቅ እንደ ደወል ጮኸ። ሦስት ቦታ ሞከርኩ፣ ሦስቱም ያው። ያኔ ነው ወደ ታች መቆፈሩን ትቼ ወደ ጎን የዘረጋሁት። ራዲያል የምንለው ያ ነው፤ ከቋሚው ሥር ተነስቶ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ዙሪያውን የሚበተን መስመር። መቅበር አያስፈልግም፣ ሣር ውስጥ ተኝቶ በሚስማር ተይዞ ይበቃል። መሬት ላይ የተኛ ራዲያል ርዝመቱ ከሞገዱ ጋር መገጣጠም የለበትም። በቁጥር ይብዛ እንጂ አጭር ቢሆን ግድ የለም፤ 60 ሜትር የሆኑ 4 መስመሮች ካሉዎት ቆርጠው 15 ሜትር የሆኑ 16 ያድርጓቸው።

ድሮ ለትልልቅ ስርጭት ጣቢያዎች 120 ራዲያል ልማድ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1937 ብራውን፣ ሉዊስ እና ኤፕስታይን ካሳተሙት ጥናት ወዲህ ነው። ለግቢ አንቴና ያን ያህል አይሂዱ። ከ4 ወደ 16 ሲሄዱ ለውጡ ይታያል፣ ከ30 በኋላ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል።

አንድ ወጥመድ አለ። የማራኪው አንቴና ፌሮ ብቻ ሳለው ኤስደብሊውአር መለኪያው (ሬዲዮና አንቴና መጣጣማቸውን የሚያሳየው) 1 ለ 1 ገደማ፣ ማለትም ፍጹም ሊባል የሚችለውን፣ ያሳይ ነበር፤ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። 16 ራዲያል ስንጨምርለት ወደ 2 ለ 1 ተበላሸ። «አበላሸኸው» አሉኝ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ 50 ኦም ያሳየን የነበረው አብዛኛው የመሬት ብክነት ነበር፤ ብክነቱ ሲቀንስ ተቃውሞው ወደ 25 ወረደ። ያኔ ሥሩ ላይ ማጣጣሚያ ትራንስፎርመር መጨመር ነው እንጂ ራዲያሉን መንቀል አይደለም። ኤስደብሊውአር ሬዲዮው ከአንቴናው ጋር መስማማቱን ይናገራል፤ አንቴናው ማሰራጨቱን አይናገርም።

የቤቴን ቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ራዲያል ብጠቀምበትስ?

አልመክርም። ቆርቆሮው በሚስማር የተያያዘ ነው፤ በየመጋጠሚያው ዝገት አለ። የዛገ መጋጠሚያ እንደ ዳዮድ ይሠራል፣ ባልላኩት ፍሪኩዌንሲ ላይ ድምፅ ይፈጥራል፣ የጎረቤትንም ቴሌቪዥን ሊረብሽ ይችላል። ሽቦዎን ከጣሪያው ራቅ ያድርጉት።

ጎሃ ተራራ ላይ ወይም ጣና ዳር ብወጣ አይሻልም?

የጎሃ ጉዳይ ከኤፍኤም የመጣ ልማድ ነው። ኤፍኤም ማማ ከፍ ሲል ሩቅ ያያል፤ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ግን የሚመለሰው ከአዮኖስፌር ነው፣ ከተማውን ከላይ ማየቱ ብዙ አይጠቅመውም። እንዲያውም ኮረብታ ላይ ድንጋዩ ይብሳል።

ስለ ጣና ደግሞ «ውሃ ላይ አንቴና ተአምር ይሠራል» የሚለው እውነት የሚሆነው ለባሕር ውሃ ነው። ጨው ነው ተአምሩ። የጣና ውሃ ጨው አልባ ስለሆነ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከባሕር ውሃ በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ጎርጎራ ድረስ የሚሄዱ ከሆነ ለዓሣው ይሂዱ። ለአንቴና ግን መንገድ ላይ ደምቢያ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ከሐይቁ አያንስም፤ ክረምት ጠጥቶ እርጥበት ሲይዝ እንዲያውም ሊሻል ይችላል። ቆላ ድባ አካባቢ የዘመድ ማሳ ያለው ሰው ትልቅ ሀብት አለው፣ አያውቀውም እንጂ።

መጻሕፍቱ ሁሉ «ለሩቅ ቨርቲካል» ይላሉ። ለእኛም ያው ነው?

በአብዛኛው አዎ፤ ግን እነዚያ መጻሕፍት የተጻፉት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው። እኛ የምንኖረው የምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ነው፤ መስመሩ ኢትዮጵያን ከጎንደር ደቡብ ያቋርጣታል። በዚህ አካባቢ የምድር መግነጢስ አግድም ነው፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተኝቷል። እንደ 160 ሜትር ባሉ ባንዶች ላይ አዮኖስፌር በትንሽ ብክነት የሚያሳልፈው የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ከዚያ መግነጢስ ጋር የተስማማውን ሞገድ ነው። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ለሚሄድ ሞገድ የተስማማ ማለት አግድም ነው፤ ቨርቲካል የሚልከው ቀጥ ያለ ሞገድ በዚያ መንገድ ብዙ ይከስራል።

ይህ በተግባር ምን ይላል? ሮም ከጎንደር በሰሜን ምዕራብ በኩል 4000 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አቅጣጫው ወደ ሰሜን ስለሚያደላ ቨርቲካል ወይም ኢንቨርትድ ኤል ይሠራል። ወደ ደቡብ ሕንድ ወይም ወደ ምዕራብ አፍሪካ ከሆነ ግን ያ የተናቀው ዳይፖል፣ ሽቦው ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቶ፣ ቨርቲካሉን ሊበልጠው ይችላል። ለዚህ ነው ዳይፖሉን አያውርዱት ያልኩት። ሁለቱንም ሰቅሎ በመቀየሪያ እያፈራረቁ ማየት ነው። ኢንቨርትድ ኤልም ቢሆን ትንሽ አግድም ሞገድ ስላለው በዚህ በኩል ከንጹህ ቋሚ የተሻለ ዕድል አለው።

ምሰሶውንና ሽቦውን ከምን ልሥራ?

ከባህር ዛፍ። ሁለት ረጅም አጣና ተደራርቦ በብሎን ሲታሰር 12 ሜትር ይወጣዋል። የሚቀበረውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ይቀቡት፣ ምስጥ እንዳይበላው። በሦስት አቅጣጫ ይወጠር። ተራ የናይለን ገመድ ፀሐይ ስለሚበላው በየዓመቱ ይፈተሻል፤ የብረት ሽቦ ከሆነ መወጠሪያው በየመሃሉ በኢንሱሌተር ይቆራረጥ።

አንድ ጊዜ የሠራሁትን ስህተት ልንገርዎ፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። ፈቃድ ላለው ወዳጄ ኢንቨርትድ ኤል ስሠራለት የአግድሙን ጫፍ ያለ ኢንሱሌተር፣ ገና እርጥብ በሆነ አጣና ላይ በሚስማር መታሁት። ሽቦው ፕላስቲክ የለበሰ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ ነው። ማታ ቁልፉን ሲጫን መለኪያው ይዘላል፣ ይወርዳል። ወጥተን ስናይ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ነበልባል ይርገበገባል፤ ግቢው ጉንፋን የያዘው ሰው የታጠነበት ቤት ይመስል ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ይሸታል። የሽቦ ጫፍ ላይ ጅረት የለም፣ ቮልቴጁ ግን ከሁሉ ቦታ የሚበልጠው እዚያ ነው። በኋላ የጎማ ጫማ ሶል ቆርጠን ሞከርን፣ ያም ጠቆረ። መጨረሻ ላይ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ አስገብተን ከእንጨቱ በግማሽ ሜትር ገመድ አራቅነው፤ እስከ ዛሬ አለ።

ሽቦው የቤት መስመር የሚዘረጋበት 2.5 መዳብ ቢሆን ይበቃል። ለመጋቢ ገመድ ፒያሳ የሚሸጠው የዲሽ ገመድ 75 ኦም ቢሆንም በ160 እና በ80 ሜትር ላይ ለ20 እና 30 ሜትር ርቀት ያገለግላል። ብዙዎቹ መሃላቸው መዳብ የተቀባ ብረት ስለሆነ ፍሪኩዌንሲው በወረደ ቁጥር ብክነታቸው ከሚጠበቀው ይበልጣል፤ ለ630 ሜትር ሌላ ይፈልጉ።

ስለ 630 እና 2200 ሜትርስ?

የ2200ው ባንድ ለሜዳ ላለው ሰው ነው፤ ለአሁኑ ይለፈን። 630 ግን በዚያው ኢንቨርትድ ኤል ሊሞከር ይችላል። ባንዱ በአንዳንድ አገሮች ለባሕርና ለአየር አገልግሎት ብቻ የተያዘ ስለሆነ ፈቃድዎ ያካትተው እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

በ475 ኪሎኸርዝ ያ 12 በ27 ሜትር አንቴና የማሰራጫ ተቃውሞው ግማሽ ኦም እንኳ አይሞላም። መሬቱ 50 ኦም ከበላ ከ100 ዋት አንድ ዋት አይወጣም። ይህ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በዚህ ባንድ ዓለም አቀፉ ደንብ የሚፈቅደው የተሰራጨ ኃይል በመሠረቱ 1 ዋት ነው (በአንዳንድ ቦታ እስከ 5)፤ አንቴናው ራሱ ከሚያተኩረው ጋር ተደምሮ በ40 ዋት ገደማ ይደረስበታል። ሥራው ኮይሉ ላይ ነው። ከ400 እስከ 500 ማይክሮሄንሪ ያስፈልጋል። 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ከነልባሱ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሽቦ አጠጋግተው ወደ 125 ዙር ቢጠመጥሙ 450 ገደማ ይሰጣል፤ ቁመቱ 37 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ40 ዋት እንኳ ከኮይሉ በላይ ያለው ሽቦ ከ1 ሺህ ቮልት በላይ ስለሚይዝ ልጆች በማይደርሱበት ይሁን፣ አጥር ይኑረው።

ማሰራጨቱ ይሠራል፣ ሌሎች ይሰሙኛል፤ እኔ ግን ምንም አልሰማም። ለምን?

የከተማ ሰው ሁሉ እሮሮ ነው። አንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ ሬዲዮዎን በባትሪ ይክፈቱ። ያ ሲንጫጫ የነበረው ባንድ ድንገት ፀጥ ይላል፤ ሩቅ ያሉ ጣቢያዎች ከተደበቁበት ይወጣሉ። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሶላር ኢንቨርተር ናቸው የሚጮኹት። ጎረቤት መብራት ሲጠፋ የሚረግመውን ያህል እኔ ተደስቼ አውቃለሁ፤ አይነገርም እንጂ።

ቨርቲካል ጫጫታውን ሁሉ ይለቅማል። ስለዚህ በዝቅተኛ ባንድ መላኪያና መቀበያ አንቴና መለየት አለባቸው። የመቀበያዎች ንጉሥ ቢቨሬጅ ነው። ሃሮልድ ቢቨሬጅ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የፈለሰፈው ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 ፖል ጎድሊ ስኮትላንድ አርድሮሳን ላይ ሜዳ ላይ ዘርግቶት ነው የአሜሪካ አማተሮችን ምልክት አትላንቲክን አሻግሮ የሰማው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ 160 ሜትር ያህል ሽቦ፣ ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደሚሰሙት አገር አቅጣጫ ይዘረጋል። በዚያኛው ጫፍ 450 ኦም ገደማ ሬዚስተር ከመሬት ጋር ያገናኘዋል፣ በሬዲዮው በኩል 9 ለ 1 ትራንስፎርመር ይኖረዋል። ደስ የሚለው ደግሞ ቢቨሬጅ የሚወደው ደካማ መሬትን ነው። ቨርቲካላችንን የሚያደኸየው የጎንደር ድንጋይ ለዚህኛው ሲሳይ ነው።

ቦታው ያለው ገጠር ስለሆነ አዝመራ ከተነሳ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ይዘረጋል። ከብቱ ወደ ገለባው ሲለቀቅ ግን ሽቦው ከቀንዳቸው ከፍ ማለቱን ያረጋግጡ። የእኔን አንዲት ጊደር ይዛው ሄደች። በማግስቱ አንድ የዘጠኝ ዓመት እረኛ ሽቦውን እንደ ጅራፍ አሳምሮ ጠቅልሎ አመጣልኝ፦ «ጋሼ፣ ገመድዎ ወድቆ አገኘሁት፤ ሬዲዮው አሁን አይናገርም?»

ከተማ ውስጥ ከሆኑ መሬት ላይ የተኛ ካሬ ሉፕ (ዙሪያውን የተዘጋ ሽቦ) ይሞክሩ፤ እያንዳንዱ ጎን 4.5 ሜትር፣ ዙሪያው 18 ሜትር፣ ሣር ውስጥ። ሲታይ ምንም አይመስልም። ድምፁ ደካማ ነው፣ ጫጫታው ግን ከድምፁ የበለጠ ይቀንሳል። የሚፈለገውም እሱ ነው።

በረንዳ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ማግኔቲክ ሉፕ አትበቃም?

ለ40 ሜትር መላኪያ ትሞከራለች። ለ160 ሜትር አንድ ሜትር ስፋት ያላት ሉፕ ከ100 ዋት አንድ ዋት እንኳ አታወጣም። ለመስማት ግን ጥሩ ናት።

በየትኛው ሰዓት ልክፈት?

ከፀሐይ መግቢያ እስከ መውጫ ነው። ቀን ላይ ዝቅተኛው የአዮኖስፌር ንብርብር እነዚህን ባንዶች ይውጣቸዋል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ንብርብሩ ይሳሳል። ወደ ምሥራቅ የሚሰማው ጎህ እዚያ ሳይቀድ ነው፤ ወደ አውሮፓ ከእኩለ ሌሊት በፊትም በኋላም፤ ወደ ሰሜን አሜሪካ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ፣ የእኛ ፀሐይ ብቅ ስትል ያለው አጭር ጊዜ ነው። በጋ ከክረምት እጅግ ይሻላል፤ በክረምት መብረቁ ራሱ ባንዱን ይሞላዋል።

የዓለም አማተሮች መዝገብ የሚይዙት በግሪንዊች ሰዓት ነው። ልጆች እዚህ ላይ ይምታታባቸዋል፣ ቀላል ነው፦ በእኛ ሰዓት ላይ ቀን ከሆነ 3፣ ሌሊት ከሆነ 15 ይደምሩ፤ ከ24 ካለፈ 24 ይቀንሱ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት 21፡00 ነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት 4፡00 ነው።

መብረቅስ?

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሰማዩ ከቀትር በኋላ ሲጠቁር ገመዱን ከሬዲዮው ይንቀሉ፣ ከቤትም ውጭ ያድርጉት። ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ መተው ከንቱ ነው። ዝናብ ባይኖርም ደረቅ ነፋስ ረጅም ሽቦን ይሞላዋልና ከሥሩ በ1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር ወደ መሬት ያፍስሱት። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ለመንቀል አይሩጡ። ሬዲዮ ይገዛል።

ሁለት አንቴና ሠራሁ፤ የትኛው እንደሚሻል በምን አውቃለሁ?

በአንድ ጥሪ አይፈረድም፤ ሲግናሉ በደቂቃ ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። ዊስፐር የተባለውን ዘዴ ይጠቀሙ። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ጆ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ነው፤ በጥቂት ዋት ሁለት ደቂቃ ይልካል፣ የሰሙት ጣቢያዎች የድምፅ መጠኑን በኢንተርኔት ይመዘግባሉ። አንዱን ዙር በኢንቨርትድ ኤል፣ ቀጣዩን በዳይፖል እያፈራረቁ ሙሉ ሌሊት ይላኩ። ፈቃድ የሌለው ሰውም በተገላቢጦሽ ማድረግ ይችላል፤ የሌሎችን ዊስፐር በሁለቱ አንቴና እየተቀበለ ያወዳድራል።

ደብተር ይያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ ከዚያም መሬቱ ደረቅ ወይም እርጥብ መሆኑን ይጻፉ። የማራኪው አንቴና በመጋቢት የተስተካከለበት ነጥብ ሐምሌ ላይ ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ ኮይሉን ግማሽ ቀን ስወቅስ ቆይቼ ደብተሩን ስገልጥ ነው «ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ» የሚል የራሴን ጽሑፍ ያገኘሁት።